ኤሌክትሪክ ቆጣቢው ፕሮሰሰር በጌም ለምን ቀደመ?

ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ለመግጠም ያሰበ ሰው ፕሮሰሰር ሲመርጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ኢንቴል በኦክቶበር 2023 ለገበያ ያቀረበው ኮር አይ9 14900ኬ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 24 ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች) አሉት፤ ፍጥነቱ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ሥራ ሲበዛበትም እስከ 253 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ከእሱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ግን ያሉት ኮሮች 8 ብቻ ናቸው፤ የፍጥነቱ ጣሪያም 5 ጊጋኸርዝ ነው። ሁለቱን በወረቀት ላይ ያነጻጸረ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ አያስገርምም። በጌም ሲለኩ ግን ሁለተኛው በአማካይ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ቀድሞ ይገኛል። የሚወስደው ኃይልም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ዋት ባለው ውስጥ ሲሆን፣ 14900ኬ በብዙ ጌሞች ከ100 ዋት አልፎ እስከ 150 ዋት ይጠጋል።

በዚህ ውጤት ዙሪያ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ በድርጅት ወገንተኝነት ላይ ይቆማል። አንዱ ኢንቴል አበቃለት ይላል፤ ሌላው መለኪያዎቹን ከእውነተኛ ተጠቃሚ የራቁ ናቸው ብሎ ይጥላቸዋል። ጥያቄው የሚፈታው ግን ጌም ፕሮሰሰርን በምን ዓይነት ሥራ እንደሚያስጨንቀው ሲታወቅ ነው። ያ ከታወቀ፣ ተጨማሪ ዋት ተጨማሪ ፍሬም (በሰከንድ የሚታይ ምስል) የማያመጣበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል፤ ገዢውም ገንዘቡን የት ቢያውል እንደሚሻለው ማስላት ይችላል።

በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት

የመጀመሪያው መደናገር የሚመጣው ቲዲፒ ከተባለው ቁጥር ነው። ቲዲፒ አምራቹ ለማቀዝቀዣ መጠን መነሻ እንዲሆን የሚሰጠው የሙቀት ግምት ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ፕሮሰሰሩ የሚወስደው የኤሌክትሪክ መጠን አድርጎ ያነበዋል። በኤኤምዲ አሠራር ፕሮሰሰሩ ከተሰካበት የማዘርቦርድ ሶኬት እንዲወስድ የሚፈቀድለት የኃይል ጣሪያ ከቲዲፒው 1.35 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ 65 ዋት የተባለው እስከ 88፣ 105 የተባለው እስከ 142፣ 120 የተባለው እስከ 162፣ 170 የተባለውም እስከ 230 ዋት ሊወስድ ይችላል። ኢንቴል ከ2021 ወዲህ ሁለት ቁጥሮችን ለይቶ ማተም ጀምሯል፤ ለ14900ኬ መነሻው 125 ዋት፣ ጣሪያው ደግሞ 253 ዋት ነው። ይሁን እንጂ እስከ 2024 ድረስ በርካታ ውድ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩባቸው ሰሌዳዎች) ከፋብሪካ ሲወጡ ይህን ጣሪያ የሚያነሣ ወይም ከፍ የሚያደርግ ማስተካከያ ተደርጎባቸው ይመጡ ስለነበር፣ ተጠቃሚው ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ማስተካከያ ገጽ) ከፍቶ ካላየ በቀር ፕሮሰሰሩ በምን ወሰን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር።

ጣሪያው በትክክል ቢታወቅ እንኳ ስለ ጌም የሚነግረን ጥቂት ነው። ጣሪያው ላይ የሚደረሰው ሁሉም ኮሮች በአንድ ጊዜ ሲጠመዱ ነው፤ ለምሳሌ ቪዲዮ ሲቀናበር ወይም ትልቅ ፋይል ሲታመቅ። ጌም ኮሮቹን ሁሉ እንዲህ አያጠምድም። ስለዚህ የ162 ዋት ፈቃድ ያለው 7800ኤክስ3ዲ በጌም ላይ የዚያን ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ይውላል።

ፕሮሰሰሩ ሲጠብቅ

አንድ ሞኒተር በሰከንድ 144 ምስሎችን የሚያሳይ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ምስል ወይም ፍሬም ያለው ጊዜ 6.9 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የተጫዋቹን ትእዛዝ ይቀበላል፤ በጌሙ ዓለም ያለ ነገር ሁሉ የት እንደደረሰ፣ ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ፣ የኮምፒውተሩ ገጸ ባሕርያት ምን እንደሚያደርጉ ያሰላል፤ በመጨረሻም ለግራፊክስ ካርዱ የሚሣለውን ሁሉ ዘርዝሮ ያስተላልፋል። አብዛኛው ሥራ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመር በመሆኑ፣ ሸክሙ በአንድ ወይም በጥቂት ኮሮች ላይ ይወድቃል። 14900ኬ ካሉት 24 ኮሮች 16ቱ ትንንሽና ቆጣቢ ኮሮች ናቸው፤ እነዚህ ለቪዲዮ ቅንብር እጅግ ይጠቅማሉ፣ ለጌም የሚያዋጡት ግን ጥቂት ነው።

ወሳኙ ነገር ያለው መረጃውን በማምጣት ላይ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ኮር አንዱን ምት (የሥራውን ትንሹን እርምጃ) በ0.2 ናኖሰከንድ ይጨርሳል። የሚፈልገው መረጃ ራም (የኮምፒውተሩ ዋና ሚሞሪ) ላይ ካለ ግን መረጃው እስኪደርስ 80 ናኖሰከንድ ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ይህም ማለት ኮሩ እስከ 400 ምት ድረስ ያለ ሥራ ይቆማል ማለት ነው። ይህን ክፍተት ለማጥበብ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሽ የሚባል ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ አለ። የፕሮሰሰሩ ትልቁ ካሽ መረጃውን በ10 ናኖሰከንድ አካባቢ ያቀርባል። ከምግብ ቤት ሥራ ጋር ብናነጻጽረው፣ ካሹ ከምድጃው ጎን ያለ መደርደሪያ፣ ራሙ ደግሞ በግቢው ማዶ ያለ መጋዘን ነው፤ የወጥ ሠሪው እጅ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሽንኩርቱ ከመጋዘን እስኪመጣ መጠበቁ አይቀርም።

የጌም መረጃ ተበታትኖ የተቀመጠ፣ ቀጥሎ የትኛው እንደሚፈለግም ለመገመት የሚያስቸግር ስለሆነ፣ ጥበቃው ከሌሎች ሥራዎች ይልቅ በጌም ላይ ይበዛል። እየጠበቀ ያለ ኮር ፍጥነቱ ከ5 ወደ 6 ጊጋኸርዝ ቢጨመርለት የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚፋጠነው የሚሠራበት ጊዜ እንጂ የሚጠብቅበት ጊዜ አይደለምና።

ይህን በጥሩ ሁኔታ የሚያሳየው ኤኤምዲ በኤፕሪል 2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ነው። ከእሱ በፊት ከነበረው 5800ኤክስ ጋር የኮሩ ንድፍም፣ የኮሩ ቁጥርም፣ 105 ዋት የሚለው ቲዲፒም አንድ ነው። ልዩነቱ ቀድሞ በነበረው 32 ሜጋባይት ካሽ ላይ 64 ሜጋባይት ካሽ የያዘ ሌላ ቺፕ መደረቡና ካሹ 96 ሜጋባይት መድረሱ ነው። ድርቡ ሙቀት እንዳይወጣ ስላስቸገረ ከፍተኛው ፍጥነት ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ዝቅ ተደርጓል። ውጤቱ የሚያስተምር ነው፦ በቪዲዮና በምስል ቅንብር አዲሱ ፕሮሰሰር ከወንድሙ በጥቂቱ አዘገመ፣ በጌም ግን ጥሎት ሄደ። ኤኤምዲ ራሱ 12 ኮር ካለው 5900ኤክስ በአማካይ 15 በመቶ ያህል በጌም እንደሚበልጥ ሲያስታውቅ፣ በገለልተኛ መለኪያዎችም ውጤቱ በአቅጣጫው ተደግሟል። ጥቅሙ ግን ከጌም ጌም ይለያያል። እንደ ፋክቶሪዮ ወይም ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ያሉ ብዙ መረጃ የሚያገላብጡ ጌሞች በእጅጉ ይጠቀማሉ፤ የቀድሞው ካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ ደግሞ የሚፈልገው መረጃ በ32 ሜጋባይቱ ውስጥ ስለሚበቃው ምንም ያህል አልተለወጠም።

የመጨረሻዋ ጊጋኸርዝ ዋጋ

በሌላው ወገን፣ ፍጥነትን በጊጋኸርዝ ለመጨመር የሚከፈለው ኃይል ከሚገኘው ፍጥነት ጋር አይመጣጠንም። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከድግግሞሹ (በጊጋኸርዝ ከሚለካው ፍጥነት) ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ድግግሞሹን በ10 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁንም በ10 በመቶ መጨመር ግድ ከሆነ፣ ኃይሉ በ33 በመቶ ያህል ይጨምራል። ወደ ጣሪያው በተጠጋን ቁጥር ደግሞ ለትንሽ ድግግሞሽ የሚጠየቀው ቮልቴጅ ከዚህም ይብሳል። ብዙ ፕሮሰሰሮች የኃይል ወሰናቸው በባዮስ ዝቅ ሲደረግ ከፍጥነታቸው የሚያጡት ጥቂት፣ የሚቆጥቡት ኃይልና ሙቀት ግን ብዙ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኤኤምዲ ይህን ማስተካከያ ኢኮ ሞድ ይለዋል፤ በኢንቴልም የኃይል ወሰኖቹን በቁጥር ማስገባት ይቻላል።

ይህ መንገድ አደጋ እንዳለውም ታይቷል። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ባለቤቶች ጌም ሲከፍቱ ኮምፒውተራቸው ይዘጋባቸው ጀመር። አንዳንዶቹም ግራፊክስ ካርዱ በቂ ሚሞሪ እያለው የግራፊክስ ሚሞሪ አልቋል የሚል መልእክት ያዩ ነበር። ኢንቴል በጁላይ 2024 ማይክሮኮድ የተባለው የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መመሪያ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንደሚጠይቅ አስታወቀ፤ ከሁለት ወር በኋላም ከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት በኮሩ ውስጥ ያለውን የምት ማሰራጫ ዑደት እንደሚያስረጀው ገለጸ። ተከታታይ ማስተካከያዎችን አውጥቶ ዋስትናውን ከ3 ወደ 5 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ጤነኛውን ፕሮሰሰር ይጠብቃል፤ አስቀድሞ የተጎዳውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ከእነዚህ ትውልዶች ያገለገለ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ባዮሱ መታደሱንና ዋስትናው አለማለቁን ሳያረጋግጥ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

ኤኤምዲም ከዚህ ዓይነት ችግር አላመለጠም። በኤፕሪል 2023 በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ የተገጠሙ የ7000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮች ተቃጥለው ተገኝተዋል፤ ማዘርቦርዶቹ ለአንዱ የፕሮሰሰር ክፍል ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ይሰጡ ስለነበር፣ ኤኤምዲ ጣሪያውን በ1.3 ቮልት እንዲገደብ አድርጓል።

የኢንቴል የአቅጣጫ ለውጥ

ኢንቴል በኦክቶበር 2024 ያወጣው ኮር አልትራ 9 285ኬ የኃይሉን ወቀሳ ለመመለስ የታለመ ነበር። ኮሮቹ ያሉበት ክፍል በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በ3 ናኖሜትር ሂደት ተመረተ፤ አንድ ኮር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን እንዲይዝ የሚያስችለው ሃይፐርትሬዲንግም ቀረ። በኃይል ረገድ ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ በጌም ላይ ከ14900ኬ በብዙ ዋት ያነሰ ይወስዳል። በፍጥነት ግን በብዙ ጌሞች የቀድሞውን እንኳ መብለጥ አልቻለም።

ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ያው ጥበቃው ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር ከተለያዩ ቁራጮች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ከኮሮቹ ተለይቶ በሌላ ቁራጭ ላይ በመቀመጡ መረጃ ከራም እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ረዘመ። ኢንቴል በዲሴምበር 2024 ችግሮቹን ዘርዝሮ ማስተካከያ ሰጠ፤ በኤፕሪል 2025 ደግሞ ቁራጮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ፍጥነት ዋስትና ሳይቋረጥ ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አቀረበ። ክፍተቱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

እዚህ ላይ በብዙ ክርክር የሚዘለል አንድ ነገር አለ። የኤኤምዲ ፕሮሰሰርም ከቁራጮች የተሠራ ነው፤ የራም መቆጣጠሪያው ከኮሮቹ የተለየ ነው። የራሙን ርቀት የሚሸፍንለት ትልቁ ካሽ ነው። ድርብ ካሽ የሌለው ራይዘን 7 9700ኤክስ በኦገስት 2024 ሲወጣ በ65 ዋት ቲዲፒው ቢመሰገንም፣ ከቀደመው ትውልድ ያለው የጌም ብልጫ ትንሽ በመሆኑ ብዙዎችን አላረካም። በኖቬምበር 2024 የመጣው 9800ኤክስ3ዲ ግን ካሹን ከኮሮቹ በላይ መደረቡን ትቶ ከሥር አደረገው። ኮሮቹ በቀጥታ ከማቀዝቀዣው ጋር ስለተገናኙ ፍጥነቱ 5.2 ጊጋኸርዝ ደረሰ። ስለዚህ ኤኤምዲ ቆጣቢ ነው ከማለት ይልቅ ትልቅ ካሽ ቆጣቢ ነው ማለቱ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

9800ኤክስ3ዲ ራሱ ከ7800ኤክስ3ዲ የበለጠ ኃይል እንደሚወስድም መታወቅ አለበት። ኤኤምዲ የሚለው የጌም ብልጫ በአማካይ 8 በመቶ ነው፤ የኃይሉ ጭማሪ ግን ከዚያ ይበልጣል። በአንድ ዋት የሚገኘው ፍሬም ከተቆጠረ፣ ከሁለቱ የተሻለው የ2023ቱ ፕሮሰሰር ነው።

መለኪያዎቹ ላይ የሚነሣው ክርክር

የፕሮሰሰር ንጽጽሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በ1080ፒ የምስል ጥራት፣ እንደ አርቲኤክስ 4090 ወይም 5090 ባለ እጅግ ውድ ግራፊክስ ካርድ ነው። ተቺዎች ይህን ካርድ የገዛ ሰው በ1080ፒ አይጫወትም ይላሉ። ሠሪዎቹ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ማነቆ ከሆነ ሁሉም ፕሮሰሰሮች እኩል ስለሚመስሉ፣ የፕሮሰሰሩ አቅም የሚታየው ካርዱ ከመንገድ ሲወጣ ነው ብለው ይመልሳሉ።

በእኔ ግምት ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ልኬቱ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ በትክክል ያሳያል፤ ያንን ጣሪያ የገዢው ኮምፒውተር ይነካዋል ወይ የሚለውን ግን አይነግርም። አርቲኤክስ 4060 ያለው ሰው በከፍተኛ የምስል ጥራት ሲጫወት ካርዱ ቀድሞ አቅሙ ያልቃል፤ መካከለኛ ዋጋ ያለው ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰርና 9800ኤክስ3ዲ በእሱ ቤት የሚያሳዩት ልዩነት እጅግ ይጠባል። በተቃራኒው በ240 ኸርዝ ሞኒተር የውድድር ጌም የሚጫወት፣ ወይም በስትራቴጂ ጌም ሰፊ ከተማ የሚገነባ ሰው ውድ ካርድ ባይኖረውም የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ይነካል። አማካይ የፍሬም ብዛት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። ከሁሉም የዘገየውን 1 በመቶ ፍሬም የሚያሳየው ቁጥር፣ ጌሙ ድንገት እየተንቀረፈፈ የሚያስመርርበትን ጊዜ ይገልጣል፤ ትልቅ ካሽ ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ሂሳብ

በሁለት ፕሮሰሰሮች መካከል በጌም ላይ ያለው ልዩነት 80 ዋት ነው እንበል። በቀን 3 ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይህ በዓመት 87.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 40 ዩሮ ሳንቲም በሚከፈልበት አገር 35 ዩሮ ገደማ ማለት ነው፤ በ5 ዓመት የአንድ ጥሩ ሞኒተር ዋጋ ይወጣዋል። ይህ ሂሳብ ግን አንድ ጎን ይጎድለዋል። የኤኤምዲ ባለ ቁራጭ ፕሮሰሰሮች ኮምፒውተሩ ቀላል ሥራ ሲሠራ ወይም ሥራ ፈትቶ ሲቆም ከኢንቴሎቹ የበለጠ ይወስዳሉ። ልዩነቱ 15 ዋት ቢሆንና ኮምፒውተሩ በቀን 8 ሰዓት ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ቢበራ፣ በዓመት 43.8 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፤ በጌም የተቆጠበው ግማሹ ተመልሶ ሄደ ማለት ነው። ኮምፒውተሩን በአመዛኙ ለሥራ፣ አልፎ አልፎ ለጌም የሚያበራ ሰው በጌም የተለካ የዋት ቁጥር አይቶ ብቻ መወሰን የለበትም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ስለሆነ የወር ክፍያው ላይ የሚታየው ልዩነት ትንሽ ነው። ይልቅ ዋቱ የሚከብደው መብራት ሲጠፋ ነው። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። 140 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር፣ 200 ዋት የሚወስድ ግራፊክስ ካርድና ለሞኒተሩና ለቀሪው ዕቃ 60 ዋት ሲደመሩ 400 ይሞላሉ፤ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ዩፒኤሱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ኮምፒውተሩ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ፕሮሰሰሩ 60 ዋት ቢሆን ግን ድምሩ 320 ይሆናል፤ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይገኛል። በድሬዳዋ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላለ ሰው ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ዋት ሁሉ ወደ ክፍሉ የሚወጣ ሙቀት ነው፤ ያንን ሙቀት ለማውጣት ኤሲው የዚያን ሲሶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይወስዳል።

የግራፊክስ ካርዱ ድርሻ ግን ከሁሉም ይበልጣል። አርቲኤክስ 5090 ብቻውን እስከ 575 ዋት ይፈቀድለታል። ሞኒተሩ ከሚያሳየው በላይ ፍሬም እንዳይመረት በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ መገደብ የካርዱንም የፕሮሰሰሩንም ኃይል በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ከመግዛት በፊት

ከ2025 መገባደጃ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሚሞሪ ምርቱን በመሻማታቸው የዲዲአር5 (ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው ትውልድ) ራም ዋጋ በእጥፍና ከዚያም በላይ ጨምሯል። ይህ የፕሮሰሰር ምርጫን ይነካል። የኤኤምዲ ኤኤም5 ማዘርቦርዶችና የኢንቴል ኮር አልትራ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የሚቀበሉት ዲዲአር5 ብቻ ነው፤ የኢንቴል 12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ግን እንደ ማዘርቦርዱ ዲዲአር4ንም ይቀበላል፤ የቆየው የኤኤምዲ ኤኤም4 ደግሞ በዲዲአር4 ይሠራል። ደህና ዲዲአር4 ራም በእጁ ያለ ሰው ሁሉን ነገር አዲስ ከመግዛት በፊት እነዚህን ቢያስብ ይጠቀማል። ዲዲአር5 መግዛት ግድ ከሆነም፣ ድርብ ካሽ ያላቸው ፕሮሰሰሮች ከራም ፍጥነት ጋር ያላቸው ጥገኝነት ያነሰ ስለሆነ፣ ርካሹን ራም ቢይዙ የሚያጡት ጥቂት ነው።

አሁን ባለው ኮምፒውተር ላይ ማነቆው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። በጌሙ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ወይም ብዙ እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ የፍሬም ወሰኑን አንሥቶ፣ የምስሉን ጥራት ከ1080ፒ ወደ 720ፒ ዝቅ ማድረግ ነው። የፍሬም ብዛቱ ጉልህ ጭማሪ ካሳየ ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ አዲስ ፕሮሰሰር ምንም አይለውጥለትም። ካልጨመረ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። በዚያ ጊዜ ወደ ባዮስ ገብቶ ራሙ በተገዛበት ፍጥነት መሥራቱን ማረጋገጥ ይቀድማል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለው ማስተካከያ ሳይከፈትላቸው ከተገዙበት ባነሰ ፍጥነት ለዓመታት ይሠራሉና።